ከጦሳ ሥር ወደ ከፋ ጫካ፦ የቦርሳዬ ማስታወሻ

ጥቅምት መግቢያ፣ ደሴ

ከፋ ልሄድ ነው። ብቻዬን። ቦንጋ ዙሪያ ያለውን ጥቅጥቅ ያለ ጫካ በእግሬ ልዞረው።

አካባቢን የማይጎዳ ጉዞ ሲባል ብዙ ሰምቻለሁ። አብዛኛው ወሬ ግን "ምን ልግዛ" ነው። የቀርከሃ የጥርስ ብሩሽ፣ እንዲህ ያለ ቦርሳ፣ እንዲያ ያለ ጠርሙስ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ከወሎ ይዤው የምሄደው ነገር እዚያ ሲደርስ ምን ያደርጋል? ስለዚህ ቦርሳዬን ከባዶ ጀምሬ፣ እያንዳንዷን ዕቃ እየፈተሽኩ ልሞላው ነው። የሠራውንም ያልሠራውንም እዚህ እጽፋለሁ።

ለማያውቅ፣ የከፋ ጫካ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ስፋቱ ከግማሽ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው። ሁሉም ጫካ እንዳይመስላችሁ፤ እርሻም፣ መንደርም፣ ከተማም አለበት። መሀል ላይ የማይነካው እምብርት አለ፣ ቀጥሎ መከለያው፣ ከዚያ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት። እኔ የማድረው ሰው ባለበት ነው። እምብርቱ ውስጥ ድንኳን የምተክል አይደለሁም። ድንኳንም የለኝም።

ጊዜው ታኅሣሥ። እኛ ጋ ክረምቱ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተንዶልዱሎ ይወጣለታል። እዚያ ግን ዓመቱን ሙሉ ለማለት ጥቂት ሲቀረው ይዘንባል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ድረስ ትንሽ ፋታ ይሰጣል።

እማዬ ስትሰማ መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ "ጫካ ውስጥ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ብቻዬን የምለው እስከ ቦንጋ ነው። ጫካው ውስጥ የአገሩን ሰው ቀጥሬ ከኋላው እሄዳለሁ። እንዲህም ሆኖ አልተዋጠላትም።

ሰኞ፣ ሸዋበር (ደሴ)

ዛሬ ቦርሳው ተጀመረ። ዝናብ የማያስገባ ቦርሳ ከሱቅ ልግዛ ብል ዋጋው አይቀመስም፤ አገር ውስጥ የሚገኘውም ስስ ፕላስቲክ ነው፣ እሾህ ሲነካው አለቀለት። ያረጀ የከባድ መኪና ሸራ ግን ሞልቷል። ኮምቦልቻ የከባድ መኪና መተላለፊያ ስለሆነች ከዚያ ተቆራርጦ ደሴ ድረስ ይመጣል። ያልተቀደደውን መርጬ ወስጄ ለልብስ ሰፊው ሰጠሁ።

"ጋሼ፣ ከዚህ ቦርሳ ይወጣዋል?"

"ይወጣዋል። መርፌዬን ግን ይጨርስልኛል" አሉኝ ሸራውን በሁለት ጣታቸው እያሹ። ወፍራሙን የቆዳ መርፌ አስገብተው፣ የስፌት መኪናውን በእግር ሳይሆን በእጃቸው እያዞሩ፣ ቀስ ብለው ሰፉት። ጠርዙን ሁለቴ አጥፈው ነው የሰፉት። አፉ ረጅም ነው፤ ወደታች ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ በቀበቶ ይታሰራል። ዚፕ የለውም። ዚፕ ውሃ ያስገባል፣ ከተበላሸ ደግሞ ጫካ ውስጥ ማን ይሠራልሻል።

የት እንደምሄድ ሲሰሙ ሳቁ። "አብሽሪ፣ አላህ ያግራልሽ" ብለው ሸኙኝ። ሒሳቡ ላይ ግን አልቀነሱልኝም።

በዚያው ሳምንት

ሸራው ውሃ አያስገባም፣ የመርፌው ቀዳዳ ግን ያስገባል። መፍትሔው ሰም ነው። ከጠጅ ቤት አንድ ጉርሻ የምታህል ሰም ለምኜ አመጣሁ። ስፌቱን ተከትዬ ደረቁን ሰም አሸሁበት፣ ክሩ ነጭ እስኪሆን። ከዚያ አሮጌ ጨርቅ ጣል አድርጌ ለብ ያለ ካውያ አሳለፍኩበት። ሰሙ ሲቀልጥ ክሩ ይጠቁራል፤ ያኔ ጠጥቷል ማለት ነው። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ ሰሙ ከላይ ተቀምጧል እንጂ አልገባም፣ ይደገማል። ካውያው ከተጋለ ደግሞ ሸራው ራሱ መጨማደድ ይጀምራል። ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው፣ ቤቱ ግን የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ጧፍ ይሸታል፤ ደስ ይላል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ጋዜጣ ጠቀጠቅኩበት፣ አፉን ጠቀለልኩ፣ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቼ ድንጋይ ጭኜበት አደረ። ጠዋት ሲከፈት ጋዜጣው ደረቅ ነው፣ ታች ማዕዘኑ ላይ ብቻ፣ ሁለቱ ስፌት የሚገናኙበት ጋ፣ አንድ የረጠበ ምልክት አለ። እዚያች ላይ ሰም ተጨመረ። እንደገና ሳፋ። አሁን ደረቅ።

ጥቅምት አጋማሽ፣ ስንቅ

እሳት አላነድም ብያለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በዚያ እርጥበት ደረቅ እንጨት ማግኘት ከባድ ነው፣ የተገኘውም ወይ የሰው ቤት ማገዶ ነው ወይ የወደቀ ግንድ። የወደቀ ግንድ ደግሞ የሞተ ይምሰል እንጂ ትሉም፣ እንጉዳዩም፣ ጉንዳኑም የሚኖረው እሱ ላይ ነው። የጋዝ ምድጃም አለ፤ ባዶ ቆርቆሮውን ግን ማንም መልሶ አይሞላልኝም።

እና መልሱ ጓዳ ውስጥ ነበር። በሶ! የተቆላ ገብስ፣ ዱቄት፣ ውሃ፣ ትንሽ ማር። እሳት የለም፣ ድስት የለም፣ ማሸጊያ የለም። አያቶቻችን በቅሎ ላይ ሆነው የሄዱበት ስንቅ ነው። ሰዉ ዛሬ "ቀላል የጉዞ ምግብ" ብሎ በአሉሚኒየም የታሸገ ነገር በዶላር ይገዛል።

ዝርዝሩ በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎና ድርቆሽ ነው። እማዬ ኩርፊያዋን ትታ ገብሱን ራሷ ቆላችልኝ። አገልግል ይዘሽ ሂጂ ማለቷም አልቀረ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ቆሻሻ የሚባል ነገር የለውም። ግን አገልግል ተሸክሞ ጫካ ለጫካ... ይቅር።

ሥጋቴ እርጥበቱ ነው። ስለዚህ ትንሽ ፈተና ሠራሁ። ድርቆሹን ከሦስት ከፈልኩት። አንዱን በጨርቅ ከረጢት፣ አንዱን በወረቀት፣ አንዱን ባለጠመዝማዛ ክዳን የማር ዕቃ ውስጥ። ሦስቱንም ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ እርጥብ ፎጣ ከላይ ሸፈንኩ። ሲነጋ በጨርቁ ያለው ልፍስፍስ ብሏል፣ የወረቀቱም ከዚያ ብዙ አይሻልም፣ የማር ዕቃው ውስጥ ያለው ግን ቀሽ ቀሽ ይላል። እና ፕላስቲክ ነው ያሸነፈው። ቅር አይለኝም፤ ዕቃው ቤት ውስጥ ዓመታት የቆየ ነው፣ እየታጠበ ይኖራል። ችግሩ ተገዝቶ፣ ተጠጥቶ የሚጣለው ሃይላንድ ነው። ለውሃ የአጎቴን የወታደር ኮዳ ወስጃለሁ። ለማከሚያው ውሃ አጋር። ድፍርስ ውሃ ከሆነ መጀመሪያ በታጠፈ ነጠላ ማጥለል፣ ከዚያ ጠብታውን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ። ሳይጠልል ከተጨመረ መድኃኒቱ ጭቃውን ሲታገል አቅሙን ይጨርሳል።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ሳሙና

ይሄን ረዘም አድርጌ ልጽፈው ነው፣ ምክንያቱም ከጓደኞቼ ጋር ስንጨቃጨቅበት የከረምነው ጉዳይ ነው።

"ሳሙና ከሆነ ሐሳብሽ እንዶድ ውሰጂ፣ ተፈጥሮ ነው" አሉኝ። እውነት ነው፣ ተፈጥሮ ነው። ግን ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን አስታውሱ። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነው ያገኙት። ብልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነውና ትልቅ ግኝት ሆነ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። ለብልሃርዚያ ወንዝ ግሩም ነው። ለከፋ ምንጭስ? እዚያ ያለው ቀንድ አውጣ ምን አጠፋ? ዓሣም ቢሆን እንዶድ አይችልም።

እና "ተፈጥሯዊ" የሚለው ቃል ብቻውን አያስተኛኝም። የወሰንኩት እንዲህ ነው፦ ተራ ሳሙና፣ ትንሽ ቁራጭ፣ ውሃውን በኮዳ ቀድቶ ከወንዙ ራቅ ብሎ አፈር ላይ መታጠብ። አፈሩ ያጣራል። ወንዝ ውስጥ ገብቶ መታጠብ የለም፣ በምንም ዓይነት ሳሙና።

አጎበርም እንዲሁ ነው። ደሴ ብርዳም ስለሆነች አጎበር የሚባል ነገር ቤታችን የለም፣ ከኮምቦልቻ ዘመዶች ተውሻለሁ። የተነከረበት መድኃኒት ለሰው ደህና ነው፣ ለዓሣና ለንብ ግን መርዝ ነው። ከፋ ደግሞ የማር አገር ነው። ስለዚህ ቢቆሽሽም እዚያ አይታጠብም፣ ቆሽሾ ይመለሳል።

ኅዳር፣ ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ

የሙከራ ጉዞ። በሚኒባስ ሐረጎን ተጠማዝዘን ወርደን፣ ቦርሳውን ሙሉ ጭኜ የጎፍ ወጣሁ። የጎፍ ደን ጽድና ወይራ ያለበት የደጋ ጫካ ነው፣ የተተከለ የፈረንጅ ጽድና ባሕር ዛፍም አለበት። ከከፋ ጋር አይወዳደርም፤ ደረቅ ነው፣ ነፋሻ ነው። ግን ትከሻና ጫማ ለመፈተን ይበቃል። ትከሻ ማንጠልጠያው ቀጭን ነው፣ ይቆርጣል። ለጊዜው ፎጣ አጥፌ ከሥሩ አደረግኩ።

ትልቁ ነገር የተገኘው ግን ስመለስ ነው። ጫማዬን አውልቄ ሶሉን ገልብጬ ሳየው፣ በጭቃው መሀል ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ተሰክተዋል። ከተራራው ግርጌ፣ መንገድ ዳርና ባዶ ቦታው ላይ ያለውን አረም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ነጭ ትናንሽ አበባ ያለው፣ ቅንጬ አረም። እጅ ያሳክካል፣ ከብት ከበላው ወተቱ ይመራል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር አያበቅልም። ብዙ ሰው በድርቁ ጊዜ ከእርዳታ እህል ጋር ነው የገባው ይላል። አንዷ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ታፈራለች፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ተቀብሮ ዓመታት ይቆያል።

እኔ ቀርከሃ ብሩሽ ልግዛ አልግዛ ስል፣ በጫማዬ ሥር የወሎን አረም ተሸክሜ ከፋ ልገባ ነው። ጥላ ሥር፣ ጫካው መሀል፣ ብዙም አይለማም፤ ፀሐይ ይወዳል። ግን ጫካው ዳር መንገድ አለ፣ እርሻ አለ፣ የተመነጠረ ቦታ አለ። እዚያ ከያዘ ማን ያወጣዋል?

የጫማ ሥራ እንዲህ ሆነ። መጀመሪያ እንዲደርቅ መተው። ከዚያ በምስማር የሶሉን ስንጥቅ ሁሉ መፈልፈል፣ ጋዜጣ ላይ። በጠንካራ ብሩሽ መፈተግ። የጫማ ክር አውጥቶ ለብቻ ማጠብ፤ ክሩ ውስጥ ይደበቃል። የሱሪ እጥፋት፣ የካልሲ አንገት፣ የቦርሳው ሥር። የወጣውን ሁሉ ከነጋዜጣው ምድጃ ውስጥ ማቃጠል እንጂ ቦይ ውስጥ መድፋት የለም። እማዬ ከበሩ ቆማ እያየችኝ "ለጫካ ጫማ ታጥቢያለሽ፣ ለቤቴ ምንጣፍ ግን አታጥቢም" አለች።

ኅዳር መጨረሻ

ትንንሽ ነገሮች። ጋቢ ይቅር፤ አንዴ ከረጠበ በዚያ አገር አይደርቅም። ባና ይሻል ነበር፣ ሱፍ ስለሆነ ረጥቦም ያሞቃል፣ ግን ክብደቱ በግ ነው። አንድ የሱፍ ሹራብ በቃኝ። ባትሪ ድንጋይ አልያዝኩም፣ በቻርጅ የሚሠራ የራስ መብራት አለኝ። ትንሿ መኮትኮቻ ለሽንት ቤት፦ ከውሃ ራቅ ብሎ፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሮ፣ መልሶ መሙላት። በዚህ የሚያፍር ሰው ጫካ ባይሄድ ይሻላል።

ታኅሣሥ፣ መንገድ

ከኮምቦልቻ አውሮፕላን አለ። በአውቶብስ ሄድኩ። አንድም ገንዘቡ፣ አንድም አውሮፕላን የሚያቃጥለው ነዳጅ ካሰብኩት ነገር ጋር ስለማይሄድ። መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርቼ በሌሊት ተሳፈርኩ። ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከዚያ ጣርማበር ላይ ብርድ። አዲስ አበባ አድሬ ወደ ጅማ። ጅማ ላይ "ቡና የተገኘው እኛ ጋ ጮጬ ነው" ያለኝ ልጅ ነበር፣ ከፋዎች ደግሞ ማንኪራ ነው ይላሉ፤ እኔ ወሎዬ ነኝ፣ ጠጥቼ ዝም።

ከጅማ ወደ ጎጀብ ቁልቁል ይወረዳል፣ ሙቀቱ ይሰማል። ወንዙን ተሻግሮ ሽቅብ ሲወጣ አረንጓዴው ይለወጣል። መስኮቱ ላይ ጉም መጣ።

ቦንጋ

መሪዬ ብዙ የማያወሩ ጎልማሳ ናቸው። ማንኪራ ጫካ ልንገባ ስንል ጫማዬን ሳሳያቸው አልሳቁም። "ጥሩ አደረግሽ" አሉና የራሳቸውን ቦት ጫማ ሳር ላይ ፈተጉት። ክፍያውን በቀጥታ ለእሳቸው ሰጠሁ፣ መሀል ላይ ማንም የለም።

ጫካው ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ይጨልማል። የፀሐይ ቻርጀር ይዤ ባለመምጣቴ ተመስገን አልኩ፣ እዚህ ምንም አይሞላም። ላይ ቀረሮ የሚባለው ረጅም ዛፍ ተዘርግቷል፣ ግንዱ በሽበት ተሸፍኗል፤ ሽበት ያልኩት ረጅሙን የዛፍ ፂም ነው። የሴት ቁመት የሚያህል ፈርን አለ፣ ከዚያም የሚረዝም። ዛፍ ጫፍ ላይ የተሰቀለ ረጅም ቀፎ አየሁ፤ እንዴት እንደሚወጡ ስጠይቃቸው በእጃቸው ገመድ የመወርወር ምልክት አሳዩኝ።

ቡናውን ሳየው አላመንኩም። የለመድኩት የጓሮ ቡና ጉብ ያለ፣ ፍሬው የተነባበረ ነው። የጫካው ግን ቀጭን ነው፣ ብርሃን ፍለጋ ወደላይ ይመዘዛል፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ፍሬው እዚህ አንዲት እዚያ ሁለት። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ቅጠሉ ይለያያል፣ አንዱ ጫፉ ነሐስ የመሰለ፣ አንዱ አረንጓዴ። ይህ ልዩነት ነው ሀብቱ። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ፣ በሽታውን የሚቋቋም ዘር የተፈለገው ከእንዲህ ያሉ የደቡብ ምዕራብ ዛፎች መሀል ነው። ከሥሩ ኮረሪማ በቅሏል። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሲጮሁ ሞተር የተነሳ ነው የመሰለኝ።

ቀን ላይ ዝናቡ መጣ። ፋታ የተባለው ወር መሆኑ ነው እንግዲህ። በሶውን ቁጭ ብለን በጠበጥን። መሪዬ ቀምሰው "ይሄ ይጠቅማል" አሉ። ማታ እነሱ ቤት ቆጮ በማር በላሁ፣ ያመጣሁት ስንቅ ግማሹ ሳይነካ ቀረ። ይሄ ለሚቀጥለው ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሰው ቤት መብላት ከቻላችሁ ቦርሳው ይቀልላል፣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል።

ቦርሳው? ደረቅ። ያቺ ማዕዘን እንኳ ደረቅ።

ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ደሴ

ቆሻሻዬን ሁሉ ይዤ ተመልሻለሁ። ባዶ የውሃ አጋር ጠርሙስ፣ የቁስል ፕላስተር ልጣጭ፣ አውቶብስ ላይ ጎኔ የነበሩ እናት የሰጡኝ ብስኩት ወረቀት። ግቢያችን ውስጥ ቆሜ የት ልጣለው ብዬ ትንሽ አሰብኩ። እዚህ ብጥለው ጎርፍ ሲመጣ ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን፤ ቦርከና ገብቶ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከፋ ድረስ ሄጄ ለምንጭ የምጠነቀቅ ሰው፣ እዚህ በየቀኑ የምሻገረውን ወንዝ ምንም አላደረግኩለትም። ጠርሙሱን ለቆራሊዮ ሰጠሁ፣ ወረቀቱ ምድጃ ገባ።

ጫማውን እንደገና ፈትጌዋለሁ። ከእዚያም ወደዚህ የሚመጣ አይጠፋም።

የሚለወጠው፦ ድርቆሹ ይቀራል፣ በሶው ግማሽ ይሆናል፣ ጭኮው ይጨምራል፤ ዝናብ ላይ እንደ ጭኮ ያለ የለም። ኮዳው አንድ አይበቃም። የትከሻ ማንጠልጠያው ይሰፋል፣ ከሥሩ አሮጌ ብርድ ልብስ ይገባበታል። ሸራው ተርፏል፤ ሰኞ ሸዋበር ወርጄ ለጋሼ ልሰጣቸው ነው፣ የአንድ ቦርሳ ትእዛዝ ከጎረቤት ልጅ አምጥቻለሁ። ሰሙን ራሱ ያሽ።